በዝርዝሩ ላይ አሥራ አንደኛው

ብሬመርሀቨን፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.

ወንድሜ ኤክሃርድ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ። ማክሰኞ ዕለት መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሃይነር «ምነው?» ሲለኝ «ተቋረጠ» አልኩት። ላንተ ግን አልዋሽም።

እኔና አንተ በስልክ አይሆንልንም። ሃያ ስምንት ዓመት ጀርመንን የከፈለው ግንብ መሃላችን ቆሞ በደብዳቤ የኖርን ሰዎች ነን። ያኔ ሌላ ዓይን ቀድሞን እንደሚያነበው እያወቅን እንኳ ከዛሬው ስልክ የተሻለ እንግባባ ነበር። ስለዚህ ወደ ለመድነው እንመለስ። አንተም ጻፍልኝ፤ ስትጽፍ ትረጋጋለህ።

ስምህን ያየሁት ጋዜጣ ላይ ነው። ሃይነር የእናንተን ክልል የምርጫ ውጤት እያነበበ ሳለ ገጹን ወደ እኔ ገፋው። «የአገር ክብር ፓርቲ፣ ከመቶ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ስድስት መቀመጫ» ይላል። ከሥሩ የአሥራ ስድስቱ ስም ተደርድሯል። አሥራ አንደኛው፦ ኤክሃርድ ቬንት፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ የቀድሞ ክሬን ነጂ፣ ግራውፌልድ። «የስም መመሳሰል ይሆናል» አልኩ። ሃይነር ሳቀና «ግራውፌልድ ውስጥ ስንት ክሬን ነጂ ኤክሃርድ ቬንት አለ?» አለኝ።

ከጥር ጀምሮ አራት ደብዳቤ ጽፈህልኛል። ስለ ርግቦችህ፣ ስለ አዲሱ ምድጃ፣ ስለ ሚስትህ ስለ ኢልዜ የመቃብር ድንጋይ። ስለዚህ ጉዳይ ግን ትንፍሽ አላልክም።

ሦስት ነገር ንገረኝ። እንዴት ገባህበት? የሚሉትን ታምናለህ? ሦስተኛው ደግሞ፣ ኩዋንግ ምን አለ? ሚስትህ ስትቀበር ከኋላ ቆሞ ያየሁት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከክሬንህ ሥር ሸክም ሲያስርልህ የኖረው ቬትናማዊ።

ሃይነር ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ጌርሊንደ


ግራውፌልድ፣ ሜይ 8

እህቴ ጌርሊንደ፣

ስልኩን መዝጋትሽን አውቄያለሁ፤ አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ሳልነግርሽ የቀረሁት ልደብቅሽ ብዬ ሳይሆን የሚነገር ነገር አለ ብዬ ስላላሰብኩ ነው። ይህ ሰበብ እንደሚመስል አውቃለሁ።

እንዴት ገባህ ላልሽው። ናግል የሚባል የኢንሹራንስ ወኪል አለ። ኢልዜ የሞተች ጊዜ ወረቀቶቼን ሁሉ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የዞረልኝ እሱ ነው፤ አንድ ነገር አልጠየቀኝም። በጥር መጨረሻ የርግብ አርቢዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኤክሃርድ፣ ስምህን አውሰኝ» አለኝ።

«ለምን ይሆንሃል?»

«ዝርዝሩ ባዶ እንዳይሆንብን ነዋ። ተራው አንተ ዘንድ አይደርስም። ከደረሰ ጢሜን እላጫለሁ።»

አሥራ አንደኛ አደረገኝ። ጢሙን አልተላጨም።

ቅስቀሳ አላደረግንም። ገንዘቡ የሚመጣው ከደቡብ፣ የፓርቲው ሊቀመንበር ከሆነ የቤት ዕቃ ባለፋብሪካ ነው። እሱ ባሳተመው ወረቀት የመንገድ መብራቱ ምሰሶ ሁሉ ተሸፈነ። የእኛ ፊት ያለበት አንድም አልነበረም፤ ማን ያውቀናል? ሰው የመረጠው ንዴቱን ነው፤ እኛ ንዴቱ የተቀመጠበት ወንበር ነን። እሑድ አመሻሽ ላይ ለርግቦቹ እህል ስበትን ጎረቤቴ ወይዘሮ ክሎስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና «ክቡር እንደራሴ፣ እንግዲህ ርግቦቹን ማን ሊመግብልህ ነው?» አለችኝ። የሰማሁት ከእሷ ነው።

የሚሉትን ታምናለህ ወይ ላልሽው። ግማሹን። ፋብሪካው ሲዘጋ ማንም አልጠየቃችሁም ይላሉ፤ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ሳነብ ዓይኔ ዘሎት ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ አትሳቂብኝ። ስድስት ዓመት በየወሩ ሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ሄጄ ቁጥር ይዤ ቆሜያለሁ። አሁን ምክር ቤቱ ውስጥ በር ላይ ስሜ ተለጥፏል። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው ቆቡን አንሥቶ «እንደምን አደሩ፣ አቶ ቬንት» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፤ ቀስ ብዬ ለመድረስ።

የሃይነር ጉልበት እንዴት ሆነ? ቀዶ ጥገናው በዚህ ወር ነው ብለሽኝ ነበር።

ኤክሃርድ


ብሬመርሀቨን፣ ሜይ 24

ወንድሜ፣

የሃይነር ጉልበት ተሠርቶለታል። እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ ያነባል፤ ያነበበውንም ለእኔ ይደግምልኛል። መርከብ መሥሪያው ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ሲያወራ አይቼው አላውቅም።

አልሳቅኩብህም። የዘበኛውን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቄህ ሁለቱን ነው የመለስከው።

እኛም ዘንድ ከጥቂት ዓመት በፊት እንዲህ ዓይነቶቹ ምክር ቤት ገብተው ነበር፤ ስማቸው ሌላ፣ ወሬያቸው ያው። ዓመት ሳይሞላቸው በቢሮና በወንበር ተጣልተው ተበታተኑ። ዛሬ አንዱን እንኳ በስሙ የሚያስታውስ የለም። በጊዜው «ወሮበሎች» ያላቸው ሃይነር ነው። ጎረቤቴ የድሮ አስተማሪዋ ወይዘሮ ታየን ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «ሰው በክልል ምርጫ ይጮኻል፤ በአገር ምርጫ ግን ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ ያስባል።» በዚህ ተጽናንቼ ልተኛ እችል ነበር።

እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ነገር ነው። የአገሩ ምርጫ መስከረም ላይ ነው። እናንተ አሥራ ስድስታችሁ እስከዚያ ሸሚዛችሁን ተኩሳችሁ፣ ጸጥ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ፣ እነሱን ለመምረጥ ያፍር የነበረ ሰው ማፈሩን ይተዋል። ያ ባለፋብሪካ ይህን የማያውቅ ሞኝ አይመስለኝም። ከአንተ የሚፈልጉት ምንድን ነው? ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

ጌርሊንደ


ግራውፌልድ፣ ጁን 21

እህቴ ጌርሊንደ፣

ለዘገየሁበት ይቅርታ። የስብሰባው ብዛት አይጣል ነው፤ በስብሰባው የሚሠራው ግን ትንሽ ነው።

ከአንተ ምን ይፈልጋሉ ላልሽው፣ እኔ ሳልጠይቅ እሱ ራሱ መጥቶ ነገረን። ባለፋብሪካውን ማለቴ ነው። አሥራ ስድስታችንንም አንድ ሆቴል ሰብስቦ ምሳ ጋበዘን። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛውን በጣቱ እየዳሰሰ ጥራቱን የሚመረምር ይመስላል።

«ይህ ክልል የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ጣሪያው ቦን፣ የአገሩ ምክር ቤት ነው» አለን። «እስከ ዛሬ ሰው ‹ድምፄ በከንቱ ይቀራል› ይል ነበር። አሁን አሥራ ስድስት ሥጋ የለበሰ ሰው እናሳየዋለን። እናንተ የምትፈለጉት ለመናገር አይደለም። ለመታየት ነው።»

እንዳሰብሽው ነው እንግዲህ።

ከምሳ በኋላ ፎቶ አንሺ መጣ። ከመካከላችን እጁ የሠራተኛ እጅ የሚመስል እኔ ብቻ ሆኜ መሰለኝ፣ መረጠኝ። ቢጫ የራስ ቁር ሰጠኝ። «ቢጫው የጎብኚ ነው፤ ክሬን ነጂ ነጭ ነበር የሚያደርገው» አልኩት። «ለፎቶ ቢጫ ያምራል» አለኝ። ወረቀት አስፈረሙኝ። በመላ አገሪቱ ሊለጥፉት ነው፤ ከሥሩ «እሱን ክልሉ መረጠው፤ አሁን የእርስዎ ተራ ነው» የሚል አለበት። እናንተም ሰፈር ሊደርስ ስለሚችል እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ንግግሮቹ ከደቡብ በታይፕ ተጽፈው ይመጣሉ፤ የእኛ ሥራ ማንበብ ነው። እኔ እስካሁን አልደረሰኝም። የምክር ቤት ቡድናችን መሪና ምክትሉ ለቡድኑ በተሰጠችው መኪና ምክንያት አይነጋገሩም፤ መልእክት የሚለዋወጡት በጸሐፊዋ በኩል ነው።

ኩዋንግ ደህና ነው። የአትክልት ሱቁን አስፍቷል።

ኤክሃርድ


ብሬመርሀቨን፣ ጁላይ 13

ኤክሃርድ፣

ሐሙስ በቴሌቪዥን ዜና አየንህ። አርባ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ድምፅህ የአባባ ድምፅ ሆኗል፤ ዓይኔን ብጨፍን እሱ ነው እል ነበር።

የግራውፌልድ የውጭ ሠራተኞች መኖሪያ ይዘጋ፣ ነዋሪዎቹ ወደመጡበት ይመለሱ፣ ልጆቻቸው የልጆቻችንን የትምህርት ቦታ እየወሰዱ ነው አልክ። ከወረቀቱ ላይ አንዴም ቀና አላልክም።

ያ መኖሪያ ኩዋንግ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖርበት አይደለም?

ሃይነር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የተናገረውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ አልችልም።

ጌርሊንደ


ግራውፌልድ፣ ጁላይ 29

እህቴ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

አዎ፣ እሱ የሚኖርበት ነው።

ወረቀቱ የደረሰኝ ስብሰባው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ አራት ገጽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የከተማዬን ስም አየሁ። ለቡድኑ መሪ «ይህን ሌላ ሰው ያንብበው» አልኩት። «ከግራውፌልድ የመጣኸው አንተ ነህ፤ ከሌላ ሰው አፍ ክብደት የለውም» አለኝ። ተነሥቼ መውጣት እችል ነበር። በሩ አልተቆለፈም፤ የያዘኝም ሰው አልነበረም። አነበብኩት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መኖሪያው ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ሁለት መስኮት ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም። የወረወረው አልተያዘም።

በማግስቱ እሑድ ኩዋንግ መጣ። ጎመን እያረምኩ ነበር። ግባ አልኩት፤ አልገባም። ከአጥሩ ወዲያ እንደቆመ ነው የተነጋገርነው።

«ኤክሃርድ፣ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አይደለሁም። ተጽፎ ነው የመጣልኝ።»

«ከመናገርህ በፊት አንብበኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ስለ ልጆቹ የሚለውንም?»

«አዎ።»

ቀጥሎ «እኔ ለሚስቴ፣ ኤክሃርድ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ነው ያነበበው አልኳት። እሷ ደግሞ አይሆንም፣ አውቆ ነው አለች። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን» አለኝ። «እሄድና እነግራታለሁ እንግዲህ።»

ሄደ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው አስቤ አፌ ላይ አልመጣልኝም፤ ሰውየው መንገዱን ከታጠፈ በኋላ ነው የመጣልኝ።

ሃይነር ያለውን ጻፊልኝ። መስማት አለብኝ።

ኤክሃርድ


ብሬመርሀቨን፣ ኦገስት 9

ወንድሜ ኤክሃርድ፣

አንተ ሳትሸፍን ስለጻፍክልኝ እኔም አልሸፍንም።

ሃይነርን ታውቀዋለህ። የሠራተኛ ማኅበሩን መጽሔት ሠላሳ ዓመት አላቋረጠም፤ ድምፁንም ለሠራተኞቹ ፓርቲ ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። ያን ዕለት ዜናው እንዳለቀ ቴሌቪዥኑን አጠፋና «ኤክሃርድ ይህን ካለ ነገሩ እውነትነት አለው ማለት ነው» አለ። ከእግሩ ሕመም ነው ብዬ አለፍኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ያ ቢጫ ቁር ያደረግህበት ሥዕል ከቤታችን ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተለጠፈ። ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ የማየው አንተን ነው። ሃይነር የካርታ ጓደኞቹን መስኮቱ ዘንድ ወስዶ «ያ የሚስቴ ወንድም ነው» አላቸው። አራት ናቸው። አራቱም መስከረም ላይ ለእነሱ ድምፅ ሊሰጡ ተስማምተዋል። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ።

ጓደኞቹ ሲሄዱ ጠየቅኩት።

«አንተ? ለእነሱ?»

«ለእነሱ አይደለም። ለኤክሃርድ።»

«ኤክሃርድ እዚህ አይወዳደርም። የሚሰጡህ ወረቀት ላይ ስሙ የለም።»

«ፊቱ አለ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የማውቀው ፊት ነው። ድሮ እነዚያን ወሮበሎች ያልኳቸው አንዱንም ስለማላውቃቸው ነበር።»

ምን ልበለው? እኔም ፊትህን አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም። ከግራውፌልድ እኛ ዘንድ በባቡር ስድስት ሰዓት ነው፤ ፊትህ ያን ሁሉ ተጉዞ ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ ያለብህ ስለመሰለኝ ነው።

ጌርሊንደ


ግራውፌልድ፣ ኦገስት 26

እህቴ ጌርሊንደ፣

ከቡድኑ ወጥቻለሁ። ሰኞ ዕለት ለአፈ ጉባኤው ሁለት መስመር ጻፍኩ።

ጀግና ሆንኩ ብለሽ እንዳታስቢ። ደብዳቤሽን አሥር ቀን ኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ። በሩ ላይ ያለው ስሜ ይነሣል፤ ክፍሉ የቡድኑ ነው። ዘበኛው ግን እስካሁን ሰላም ይለኛል፤ ገና አልነገሩት ይሆናል።

ናግል ማታውን ቤቴ መጣ። ወንበር ሳልሰጠው ተቀመጠ።

«ከወጣህ መቀመጫውን መልስ» አለኝ። «ለዝርዝሩ እንጂ ላንተ አልተሰጠም።»

«ስምህን አውሰኝ ብለኸኝ ነበር። የተዋስከውን መልስልኝ፣ እኔም እመልስልሃለሁ።»

«ሕፃን አትሁን፣ ኤክሃርድ። መስከረም ደርሷል። አንድ ሰው ወጣ ሲባል ምን እንደሚመስል ታውቃለህ?»

«ፎቶዬን ከየመንገዱ አንሡ።»

«ተፈራርመሃል። የእኛ ነው።» ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና «ኢልዜ ስትሞት ማን ነበር አጠገብህ?» አለኝ። ልክ ነው፤ እሱ ነበር።

መቀመጫውን አልለቀቅኩም። ብለቅ አሥራ ሰባተኛው ይገባል፤ ወጣት ነው፣ ንግግሩንም ቀና ብሎ ያነባል። ስለዚህ አዳራሹ ጥግ ላይ ለብቻዬ ጠረጴዛ ሰጥተውኛል።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ስሚ። በዚያው ዕለት ሁለት ሌሎችም ወጡ፤ ምክትል መሪውና የእሱ ሰው፣ በመኪናዋ የተነሣ። ጋዜጣው ሦስታችንንም አንድ ላይ ጠቅልሎ «በመኪና ጠብ ቡድኑ ተከፈለ» ብሎ ጻፈ። ስሜ ሦስተኛ ነው። ለጋዜጣው ደውዬ «እኔ ለመኪና አይደለም» አልኳቸው። «ታዲያ ለምንድን ነው?» አሉኝ። የኩዋንግን ስም በስልክ መጥራት አልፈለግሁም። «በግል ምክንያት» አልኩ። እነሱም አላወጡትም።

ለሃይነር የጻፍኩት በሌላ ፖስታ ታሽጎ አብሮ አለ። አታንብቢው፤ እሱ ከፈለገ ያንብብልሽ።

ኤክሃርድ


ብሬመርሀቨን፣ ሴፕቴምበር 11

ኤክሃርድ፣

እኔ ደብዳቤ አልችልበትም፤ በዚህ ቤት የምትጽፈው ጌርሊንደ ናት። ስለዚህ አጭር ነው።

የጻፍከውን ሦስቴ አነበብኩ። «ፊቴን አይተህ እንዳትመርጥ» ትላለህ። ጋዜጣው የወጣኸው ለመኪና ነው ይላል፤ አንተ አይደለም ትላለህ። አንተን አምናለሁ።

ግን አንድ ነገር ልበልህ፤ በኋላ ቅር አይበልህ። ስትገባ አልጠየቅከኝም፣ ስትወጣ ግን አብሬህ እንድወጣ ትፈልጋለህ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት መርከብ ስበይድ ኖሬ፣ ዓርብ ቀን ወረቀት ሰጥተው አሰናብተውኛል። ይህ አንተ ስለገባህ አልመጣም፤ አንተ ስለወጣህም አይሄድም።

የቬትናማዊው ነገር አሳዝኖኛል። እንደሱ ዓይነት ሰው መኖሩን ቴሌቪዥኑ አልተናገረም። አንተም አልተናገርክም።

ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ለጌርሊንደ አልነግራትም፣ ላንተም አልነግርህም። ድምፅ መስጫው መጋረጃ ያለው ለዚህ ነው። ጉልበቴ ተሽሎታል፤ ያለ ከዘራ እሄዳለሁ።

ሃይነር


ብሬመርሀቨን፣ ኦክቶበር 2

ወንድሜ ኤክሃርድ፣

ስለ እሑዱ ምርጫ ለጠየቅከኝ ያየሁትን እጽፍልሃለሁ፤ ካየሁት የማላውቀው ይበልጣል።

ከቁርስ በኋላ አብረን ሄድን። ሃይነር ኮቱን ለብሶ ነበር። መጋረጃው ውስጥ ከእኔ ይልቅ ብዙ ቆየ። ስንመለስ ስለ ዝናቡ አወራን።

አገር አቀፍ ውጤቱን ሰምተኸዋል፤ የአገር ክብር ፓርቲ ከመቶ አንድ ሆነና ደጅ ቀረ። በእናንተ ክልል እንኳ ከመቶ አሥራ ሦስቱ ወደ ሦስት ወረደ ይላሉ። ምሽቱን በቴሌቪዥን አዋቂዎች ተቀምጠው ምክንያቱን ሲያስረዱ ነበር። አንዱ «ሕዝቡ በክልል ምክር ቤት ሲጣሉ አያቸውና ተጸየፋቸው» አለ። ሌላው «የለም፣ የክልልና የአገር ምርጫ ድሮም አይገናኙም» አለ። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ መንግሥት በመቀየሩ ላይ ስለተጠመደ ነው ባይ ነው። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ በክልል የሆነው ነገር እኛ ቤት ድረስ ገብቶ ነበር። ይውጣ አይውጣ ግን አላውቅም።

በእኛ ምርጫ ጣቢያ ለእነሱ ዘጠኝ ድምፅ ተሰጥቷል። በር ላይ የተለጠፈውን ሰኞ ሄጄ አነበብኩ። ዘጠኝ። አራቱ የካርታ ሰዎች ከዘጠኙ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። አልጠየቅኩትም። ሠላሳ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሳልጠይቀው ያለፍኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ማታ ማታ ካርታ መጫወታቸውን ቀጥለዋል። ትናንት ድንች ጠብሼ ሰጠኋቸው።

አንተ ዘንድ እንዴት ነው? አለቀ ማለት ነው?

ጌርሊንደ


ግራውፌልድ፣ ዲሴምበር 19

እህቴ ጌርሊንደ፣

ዝምታዬ ከበዛ ይቅር በይኝ። «አለቀ ወይ» ላልሽው መልስ እየጠበቅኩ ነበር። አሁን አገኘሁት።

ፓርቲውን በተመለከተ፣ አዎ አለቀ ማለት ይቻላል። ባለፋብሪካው ወደዚህ መምጣት ተወ። ንግግር አይልክም፤ አሥራ ሦስቱ ሰዎቹም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ናግል መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ገሚሱ «አንተ ነህ ያፈረስከው» ይለኛል፣ ወይዘሮ ክሎስ ደግሞ «መቼ ተሠርቶ ነው የሚፈርሰው» ትላለች።

በኅዳር የክልሉ መንግሥት የቁጠባ ዝርዝር አቀረበ። መንግሥቱ የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ነው፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አርባ ንጥል አለው፤ ቤተ መጻሕፍት፣ የአውቶቡስ መስመር፣ መዋዕለ ሕፃናት። ንጥል ሃያ ሦስት፦ የግራውፌልድ የሠራተኞች መኖሪያ እንዲዘጋ፣ ነዋሪዎቹም በተለያዩ ከተሞች እንዲመደቡ። በትሕትና የተጻፈ ነው። ስለ ልጆች የሚል ቃል የለበትም።

ቡድን የሌለው ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። እኔ ከሁለት ያነሰ ነው የተጠቀምኩት። በሐምሌ እዚህ ቆሜ ይህንኑ የሚጠይቅ ወረቀት አንብቤያለሁ አልኩ። ወረቀቱ የእኔ አልነበረም፣ የያዘውም እውነት አልነበረም፤ መኖሪያው ይቆይ አልኩ። በዚያ ቤት ከራሴ ያወጣሁት ንግግር እሱ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን አልነበረም። ቁጠባ ስለሆነ አልመጡም።

ኮሪደሩ ላይ ከትልቁ ፓርቲ አንዲት ሴት ደረሰችብኝ። ሁልጊዜ ሰላም የምትለኝ ናት።

«አቶ ቬንት፣ ስሜትዎ ይገባኛል» አለችኝ። «ግን ይህ እኮ ፖለቲካ አይደለም። በጀት ነው።»

«ለእነሱ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልኳት።

አሰበች። ሴትዮዋ ሐቀኛ ናት፤ አስባ «እንጃ» አለችኝ።

ድምፅ የተሰጠው በእጅ ነው። ሁለቱ ትልልቆቹ ደገፉ። አሥራ ሦስቱም እጃቸውን አነሡ፤ በዚህ ዓመት ካነሡት ሁሉ ያለፈላቸው ይኸው አንዱ ነው። ከመንግሥቱ ውጪ ያለው አነስተኛው ፓርቲ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ፤ በምትኩ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ገንዘብ እንዲተርፍ ተደራድረው ነበርና።

ኩዋንግ ትናንት ወጣ። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቃ ባለች ከተማ አንድ ክፍልና ሳሎን ሰጥተዋቸዋል። የዕቃ ተጎታቼን መኪናዬ ላይ አስሬ ሄድኩ። ሲያየኝ አልገረመውም፤ ደስም አላለው። «ሁለት ዙር ይበቃል» አለኝ። ሚስቱ ፍሪጁ ውስጥ የቀረውን ሰጥታኝ «ይበላሻል፤ ውሰደው» አለች። በሁለተኛው ዙር መንገድ ላይ፣ እሱ ጎኔ ተቀምጦ ሳለ፣ በሐምሌ ያልመጣልኝን ይቅርታ ጠየቅኩት። መስኮቱን እያየ «ሰምቻለሁ» አለኝ። ይቅር ማለቱ ይሁን የሰማ መሆኑን ብቻ መናገሩ ይሁን አላውቅም፤ ደግሜ አልጠየቅኩትም። ስለ ሰጠሁት የተቃውሞ ድምፅም አልነገርኩት። ብነግረው ምን ያደርግለታል?

የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ዛሬ ጠዋት በፖስታ ደረሰኝ። ንጥል ሃያ ሦስት ጸድቋል ይላል። ተቃውሞ፣ አንድ። በእጅ ለተሰጠ ድምፅ ስም አይመዘገብም።

ወንድምሽ
ኤክሃርድ